የእግር ወለምታስ በቅቤ ይታሻል? የቁርጭምጭሚትና የእግር ሕመምን ደረጃ በደረጃ መለየትና ማከም

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ተረቱ ስለ አፍ ሲመክር የእግሩን ጉዳይ እንደታወቀ ነገር አልፎታል። የእግሩማ በቅቤ ይታሻል! እኔም እንደዚያ አምኜ ነው ያደግኩት። አንድ የክረምት ማታ ከታክሲ ስወርድ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ እግሬ ተጠማዘዘ። ቤት ስደርስ ቅቤ ቀለጠ፤ እጃቸው ጠንካራ ነው የተባሉ ጎረቤት ተጠሩ፤ እኔ ጮህኩ። «ጩኸትማ ጥሩ ነው፣ ጅማቱ እየተመለሰ ነው» አሉኝ። ጠዋት እግሬ ጫማዬ ውስጥ አልገባ አለ። ሁለት ወር አነከስኩ። በዓመቱ ያው እግር እንደገና ወለም አለ።

ጎረቤታችንን አልወቅስም፤ ልርዳ ብለው ነው። ግን የቱ ጋ እንደሚያመኝ ለይቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ተነስቼ አራት እርምጃ መራመድ እችል እንደሆነ አልሞከርኩም። አንድ እግር 26 አጥንትና 33 መገጣጠሚያ አለው። ተረከዝ ላይ የሚወጋ ሕመምና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያብጥ ሕመም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ «ምን ልቀባው?» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው? መቼ ነው የሚብሰው?» በሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

1. ቤት ውስጥ የማይታከመውን አስቀድማችሁ ለዩ

እግሩ ከተጎዳ በኋላ ቅርጹ ከተጣመመ፣ አጥንት ቆዳ ከበሳ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ከደነዘዙ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም።

ሳትመቱ ሳትወድቁ አንድ ባታችሁ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። በተለይ ከረጅም የአውቶቡስ ወይም የአውሮፕላን ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከወሊድ በኋላ ወይም እግር በጀሶ ታስሮ ከሰነበተ ይጠርጠር። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው። ማሸት ፈጽሞ አይሞከርም።

መገጣጠሚያው ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ መታየት አለበት። የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ትንሿም ቁስል ትንሽ አይደለችም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

2. በአንድ ጣት አሳዩ

ብዙ ሰው ሲጠየቅ በመዳፉ ሙሉ እግሩን ያብስና «እዚህ አካባቢ» ይላል። ይህ ለማንም አይረዳም። ጫማና ካልሲ አውልቁ። ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን ዘርጉና አስተያዩ። ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ከሁሉም በላይ የሚያመውን አንድ ነጥብ ፈልጉ። ጊዜውንም አስታውሱ። ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው? ብዙ ከቆማችሁ በኋላ ነው? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ነው?

ቦታና ጊዜ ሲገጣጠሙ ብዙ ይናገራሉ። የተረከዝ ሥር ጠዋት ከወጋ፣ ውስጥ እግር ላይ የተዘረጋው ወፍራም ጅማት ነው። ከተረከዝ ኋላ ወደ ባት ከሆነ የተረከዝ ጅማት ነው። ከተጠማዘዘ በኋላ በውጭ በኩል ካበጠ ወለምታ። ትልቁ ጣት ሥር በአንድ ሌሊት እሳት ከሆነ ሪህ ይጠርጠር። ሁለቱም ውስጥ እግሮች ማታ ማታ የሚያቃጥሉና የሚደነዝዙ ከሆነ ችግሩ ያለው ነርቭ ላይ ነው፤ የደም ስኳርና ቫይታሚን ቢ12 ይመርመር። ከውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ የሚያምና የውስጥ እግራችሁ ጎድጓዳ ቅስት ቀስ በቀስ እየተደፋ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቅስቱን ደግፎ የሚይዘው ጅማት ደክሟል ማለት ነው። ይህ ሲቆይ ስለሚከፋ ቶሎ አሳዩት።

3. ወለም ሲል

አብዛኛው ወለምታ የሚመጣው እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ያኔ በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፤ ሲብስ ይቀደዳሉ። «ጅማቱ ቦታውን ለቋል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። ተገፍቶ የሚመለስ ነገር የለም። የተቀደደን ነገር በጠንካራ እጅ ማሸት ደግሞ መድማቱን ይጨምራል። የኔ እብጠት ሌሊቱን ለምን እጥፍ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ መለየት አለባችሁ። ለዚህ በካናዳ ኦታዋ ከተማ ያሉ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በፈረንጆቹ 1992 ያወጡት መለያ አለ። ቀላል ነው፤ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል።

እንዲህ አድርጉ። ደገፍ የምትሉት ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ተነሱና አራት እርምጃ ሞክሩ። ማነከስ ይፈቀዳል፤ ዋናው በእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ጊዜ መርገጥ መቻላችሁ ነው። ቀጥሎ ተቀመጡና አጥንቱን ጫኑ። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የወጡ ሁለት አጥንቶች አሉ። የኋላ ጠርዛቸውን ከታች ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫን እያላችሁ ውጡ። ከዚያ በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣትና በተረከዝ መካከል ጎበጥ ያለች አጥንት ታገኛላችሁ፤ እሷንም ጫኑ። በመጨረሻ በውስጥ በኩል ከቅስቱ ከፍ ብላ ያለችውን ጎላ ያለች አጥንት። ሲጎዳችሁም አሁንም መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም ከእነዚህ በአንዱ ቦታ አጥንቱ ራሱ ከታመመ ራጅ ተነሱ። መራመድ ከቻላችሁና አጥንቱ ካልታመመ፣ ቢያብጥም ቢበልዝም፣ ስብራት የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህ መለያ ለትንንሽ ልጆች፣ መጠጥ ለጠጣ ሰው፣ እግሩ ለደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ አይሠራም። እነሱ የሚሉት «አያመኝም» አይታመንም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

እግሩን ከፍ አድርጉ። ከፍ ሲባል ከልብ በላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በርጩማ ላይ መስቀል ደህና ነው፣ ግን አይበቃም። ተኙና ሁለት ትራስ ከእግራችሁ ሥር አድርጉ።

በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። በቀን ጥቂት ጊዜ ድገሙ። ፍሪጅ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይሆናል። በረዶ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጅማት አይጠግንም፤ ስለዚህ ሌሊት እየተነሳችሁ አትሰቃዩ። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ፤ ያቃጥላል።

ፋሻ ስታስሩ ከጣቶች ሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ጣቶቹ ይታዩ። ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም መውረር ከጀመሩ ወዲያው ፍቱ። ማታ ስትተኙ ፋሻውን ማላላት ጥሩ ነው።

ለእነዚህ ሦስት ቀናት የሞቀ ውሃ፣ ማሸት፣ አልኮልና ሩጫ ይቅር። ዱላ ወይም ክራንች ካስፈለገ፣ አንድ ብቻ ከሆነ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ቀኝ እግር ከታመመ ዱላው በግራ እጅ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ፊልም ላይ ያሉ ተዋንያንም ሲሳሳቱ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ

እዚህ ጋ ነው አብዛኞቻችን የምንሳሳተው። እብጠቱ ቀነስ ሲል «ተሻለኝ» እንላለን። ወይም ደግሞ በፍርሃት አንድ ወር ሙሉ አናንቀሳቅሰውም። ሁለቱም አይሆኑም። የተጎዳ ጅማት በልኩ ሲሠራ ነው የሚጠነክረው።

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሕመሙ በፈቀደው ልክ ተንቀሳቀሱ። ቀላሉ ዘዴ ፊደል መጻፍ ነው። እግራችሁን ዘርግታችሁ በትልቁ ጣት አየር ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ እስከ ፐ ሂዱ። ሰባቱንም ዘር መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ግዕዙ ይበቃል። 33 መገጣጠሚያ፣ 33 ፊደል፤ መታደል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ።

በዚያው ሳምንት ሕመሙ ሲቀንስ ግድግዳ ተደግፋችሁ ባታችሁን ዘርጉ። የታመመው እግር ኋላ፣ ጉልበት ቀጥ፣ ተረከዝ መሬት እንደነካ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ወንበር ይዛችሁ በሁለት እግር በጣት መቆምና መውረድ፣ 15 ጊዜ። ያለ ሕመም ከሆነ በአንድ እግር ቀይሩት።

ከሁሉም የማይዘለለው ግን ሚዛን ነው። ጅማቶቻችን ውስጥ እግር የት እንዳለ፣ በምን ያህል እንዳጋደለ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ። ጅማት ሲቀደድ እነሱም ይጎዳሉ። እብጠቱ ከጠፋ በኋላ እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጡንቻው ለመያዝ ይዘገያል። አንዴ ወለም ያለው ሰው ካላለው ይልቅ ለሌላ ወለምታ የቀረበ ነው። መድኃኒቱ ነፃ ነው። በታመመው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ቁሙ። ጥርስ ስትፋቁ፣ ጀበናው እስኪንተከተክ ስትጠብቁ። ሲቀልላችሁ ትራስ ላይ ቁሙ። ከዚያ ግድግዳ አጠገብ ሆናችሁ ዓይን ጨፍኑ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት። እኔ በመጀመሪያው ወለምታ ይህን የነገረኝ የለም። በሁለተኛው ተነገረኝ፤ ሦስተኛ አልመጣም።

ቀላል ወለምታ በአንድ ሁለት ሳምንት፣ መካከለኛው በአንድ ወር ተኩል ገደማ፣ ከባዱ እስከ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ወደ ኳስ ወይም ወደ ሩጫ ከመመለሳችሁ በፊት በታመመው እግር ብቻ አሥር ጊዜ ዝለሉ። ካመመ ገና ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ እግራችሁ ክብደት መሸከም ካልቻለ ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላም የሚያብጥና የሚከዳ ከሆነ እንደገና ታዩ።

ስለ ወጌሻ

ወጌሻን መናቅ አልወድም። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ስንቱን አቁመው አስኬደዋል። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ስብራት የተጠረጠረበት እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር የደም ዝውውር ይቋረጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ የተነሳ እግራቸው የተቆረጠ፣ ብዙዎቹም ልጆች የሆኑ ሰዎች አሉ። ማንም ያስረው ማን፣ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ በዚያው ደቂቃ ይፈታ። «ሲሻለው ነው፣ ቻለው» የሚባለውን አትስሙ። ሕክምና ቤት የተደረገ ጀሶም ቢሆን ሕጉ ያው ነው፤ ወዲያው ተመለሱና ይከፈት።

ቅቤውስ? ከሳምንት በኋላ ባትን ቀለል አድርጎ ማሸት ደስ ይላል፣ አይጎዳም። የታመመውን ጅማት ግን ተዉት። ቅቤውን ለዶሮ ወጥ።

4. ጠዋት ተረከዝ ሲወጋ

ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ሚስማር የረገጣችሁ ያህል ነው። አሥር እርምጃ ስትሄዱ ይለቃል። ቀን ደህና ትውሉና ማታ፣ ወይም ከረጅም መቀመጥ ስትነሱ ይመለሳል። ይህ ከሆነ ከተረከዝ ሥር እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው፣ ቅስቱን እንደ ቀስት ገመድ የሚይዘው ወፍራም ጅማት ነው የታመመው። ሌሊት እግር ሲላላ ያጥራል፤ ጠዋት ድንገት ሲለጠጥ ይጮኻል።

ጠንካራ ወለል ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ያውቀዋል። አስተናጋጅ፣ መምህር፣ ጥበቃ፣ ፀጉር ሠሪ። በአረብ አገር ቤቶች ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚቆሙ እህቶቻችን። በአጭር ጊዜ ኪሎ የጨመረ ሰው። ታላቁ ሩጫ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድንገት 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ የሚጀምረውም ከዚህ አይቀርም።

ራጅ ተነስታችሁ «ተረከዝህ ላይ እሾህ የመሰለ አጥንት በቅሏል» ብትባሉ አትደንግጡ። ያ አጥንት ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም እግር ላይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙ ምክንያት እሱ አይደለም፤ መቆረጥም አያስፈልገውም።

ሕክምናው የሚጀምረው አልጋ ላይ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት የታመመውን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ስቀሉ። በእጃችሁ ጣቶቹን ወደ ቅልጥማችሁ ሳቡ። በሌላው እጅ ውስጥ እግራችሁን ንኩ፤ ጅማቱ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ይሰማችኋል። 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ። አሥር ጊዜ። ይህን በቀን ሦስቴ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት ይሁን።

ማታ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። በማግሥቱ ሲመሽ ካልሲ አድርጋችሁ ከውስጥ እግራችሁ ሥር 10 ደቂቃ አንከባልሉት። ያስታግሳል።

ጅማቱን የሚያጠነክረው ይሄኛው ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ ቁሙ፤ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጣቶቻችሁ ሥር አድርጉ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ ቀና ይበሉ። መደገፊያ ያዙ። በታመመው እግር በሦስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሁለት ሰከንድ ቆም፣ በሦስት ሰከንድ ወደ ታች። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በአንድ እግር ካቃተ በሁለት ጀምሩ። በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለላችሁ። ሲቀል መጽሐፍ የሞላ ቦርሳ አዝላችሁ ሥሩ። በትንሹ ሦስት ወር ስጡት። ሦስት ወር እንደሚረዝም አውቃለሁ። ሳምንት ሠርቶ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ግን ገና አልጀመረም።

ቤት ውስጥም በባዶ እግር ሴራሚክ አትርገጡ። ከአልጋው ሥር ለስላሳ ወፍራም ነጠላ ጫማ ይቀመጥ። ጫማ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ የተረከዝ ንጣፍም ይረዳል፤ ውዱ ከርካሹ ብዙ አይበልጥም። የተረከዝ መርፌ ደግሞ ቶሎ ያሽራል፣ ቶሎም ይመለሳል። ሲደጋገም ጅማቱን ሊበጥስና የተረከዝን ስብ ሊያሳሳ ስለሚችል የመጀመሪያ ምርጫ አታድርጉት። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል።

5. ከተረከዝ ኋላ ሲሆን

ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው፣ ሐኪሞች አኪለስ የሚሉት ጅማት በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው። ሲታመም ጠዋት ይገትራል፤ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት ያማል፤ አንዳንዴ ያብጣል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በፈረንጆቹ 1998 ያሳተመው የስፖርት ሕክምና ዛሬም ድረስ መሠረት ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በሁለት እግር በጣት ትወጣላችሁ፤ ከዚያ በታመመው እግር ብቻ ቀስ ብላችሁ ተረከዙን ከደረጃው በታች ታወርዳላችሁ። 15 ጊዜ ሦስት ዙር ጉልበት ቀጥ አድርጎ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር ጉልበት አጠፍ አድርጎ። ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። ሕመሙ ከጅማቱ መሐል ሳይሆን ልክ ተረከዝ አጥንት ላይ ከተጣበቀበት ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አትውረዱ፤ መሬት ላይ ሥሩት።

ትንሽ ሕመም ይፈቀዳል። ሕመሙ ከ10 ሲለካ እስከ 4 ያህል ቢሆንና በማግሥቱ ጠዋት ካልባሰ ልክ ናችሁ። ከባሰ ቀንሱ።

ስትሮጡ ወይም ስትዘሉ ድንገት ከኋላ ሰው የረገጣችሁ ያህል «ጧ» ብሎ ከተሰማችሁ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በደረታችሁ ተኙ፤ እግራችሁ ከአልጋው ጠርዝ ወጣ ይበል። ሌላ ሰው ባታችሁን ጨመቅ ያድርግ። ደህና ጅማት ከሆነ እግሩ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ዝም ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ በጊዜ ከተያዘ ሕክምናው ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ለተቅማጥም ለሽንትም እየተባለ ከፋርማሲ የሚገዛው ሲፕሮ የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ከነቤተሰቡ፣ ይህን ጅማት ሊያሳምምና ሊበጥስ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2008 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሲፕሮ እየወሰዳችሁ ተረከዛችሁ ኋላ ሕመም ከጀመረ ስፖርት አቁሙና ያዘዘላችሁን ሰው ወዲያው አነጋግሩ።

6. የፊት እግርና ጣቶች

ፋሲካ ነው እንበል። ቁርጡ ተበልቷል፣ ቢራው ወርዷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ ጣት ሥር እሳት ይነሳል። ቀልቷል፣ አንሶላ ሲነካው ያስጮኻል። ይህ እውነተኛው ሪህ ነው፤ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ሲጠጥር የሚመጣ። እኛ ጉልበቱንም ወገቡንም ሁሉ ሪህ ስለምንል ትክክለኛው ሪህ ይጠፋብናል። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት በጊዜ ከተወሰደ ቶሎ ያበርዳል። በሕመሙ ሰሞን የሚደረግ የደም ምርመራ ዩሪክ አሲድን ልክ ነው ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ እንደገና ይለካ። የደም ግፊት መድኃኒት ከሆኑት የሚያሸኑት ይህን ሊያመጡ ስለሚችሉ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል ጠጠር የረገጣችሁ ያህል የሚያቃጥል ከሆነና ጫማ ስታወልቁ የሚለቅ ከሆነ ነርቭ ተጨምቋል። ሰፊ ጫማ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የምትሮጡ ከሆነና ከጣቶቹ ኋላ አንድ አጥንት ላይ ሕመሙ ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደ፣ አጥንቱ በድካም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተነሳው ራጅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁ የሚታየው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ራጁ ምንም የለውም» ተብላችሁ ሩጫ አትቀጥሉ።

7. ጫማ

ጫማ ሲነሳ አንድ ሰው አበበ ቢቂላን መጥራቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ አሸነፈ። የአበበ እግር ባዶ መሮጥን የለመደ ነበር፤ የኛ እግር የለመደው ሊፍትና ታክሲ ነው።

ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ያኔ አበጥ ይላል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ቦታ ይኑር። ጫማውን እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። የኋላ ተረከዙን ጨምቁት፤ ጠንከር ይበል። ሰልባጅ ከሆነ ሶሉን ገልብጣችሁ እዩ። በአንድ ጎን ያለቀ ከሆነ የሌላ ሰው አረማመድ እየገዛችሁ ነው።

8. ክኒን

ለአዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይበቃል፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። የጉበት ችግር ያለበትና መጠጥ የሚያበዛ ሰው ከዚያ በታች ነው፤ ሐኪም ይጠይቅ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ላለበት፣ ለኩላሊት፣ ለልብና ለደም ግፊት ሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድም አይገባም። የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ለወለምታ በደንብ ይሠራል፤ ለጨጓራም ከክኒኑ ይሻላል። ጄሉ የሚቀባው ሳይታሽ፣ ቀለል ተደርጎ ነው።

9. ስኳር ያለበትና ቀይ አፈር የሚረግጥ

ስኳር እግርን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢገባበት አይናገርም። ስለዚህ በየማታው ውስጥ እግራችሁን በመስታወት እዩ፤ ወይም ልጅ ይይላችሁ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ጠጠር ፈልጉ። እኛ የምንወደው በሙቅ ውሃና በጨው መዘፍዘፍ ለእናንተ አይሆንም፤ ውሃው ሲያቃጥላችሁ አይሰማችሁም። አንድ እግር ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ሳያም ቢቀር ደስ አይበላችሁ። አጥንቱ እየፈረሰ ሊሆን ይችላልና አትርገጡበት፤ በዕለቱ ታዩ።

በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሠራ ሰው ማታ ማታ እግሩ ካቃጠለውና እያበጠ ከሄደ ደግሞ የዝሆኔ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የደጋው ዓይነት ከትንኝም አይመጣም። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ያስቆመዋል፤ በጊዜ ከተያዘ እብጠቱም ይቀንሳል።

10. ሐኪም ጋ ስትሄዱ

መቼ እንደጀመረ፣ ምን ስታደርጉ እንደጀመረ፣ ጠዋት ይብስ ማታ በአንድ ወረቀት ጻፉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የባህል መድኃኒቱንም ደብቃችሁ አትቅሩ። በጣም የምታደርጉትን አሮጌ ጫማ ያዙ፤ ሶሉ ብዙ ይናገራል። እስከ ጉልበት የሚጠቀለል ሱሪ ልበሱ። ሁለቱንም እግር አሳዩ፣ የታመመውን ብቻ አይደለም። ፊዚዮቴራፒ ከታዘዘላችሁ ስፖርቱን ቤት እንዴት እንደምትሠሩት አሠርተው እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። እና ከቤት ሳትወጡ እግራችሁን ታጠቡ። ቅቤ ተቀብቶ የሄደ እግር ላይ ሐኪሙ ቆዳውን አያይም፤ አንዴ የኔን እግር ሲያይ ጓንቱ እያዳለጠው ሁለት ጊዜ ቀይሯል።